ስለ ኢላማ ተኩስና ስለ ትንሿ ሽጉጥ

በኅብረታችን የስፖርት ኮሚቴ ፊት የቀረበ አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም የኢላማ ተኩስ ክበብ ይቋቋም የሚል ነው። አሳቡን ያመጡት ወንድሞቻችን ቅን ልብ እንዳላቸው እናውቃለን። ክርክሩ ግን ገና ከመጀመሩ በአንድ ጥያቄ ተጠቀለለ፤ «የትኛው ሽጉጥ ይገዛ?» ተባለ። አንዱ ማካሮቭ አለ፤ ሁለተኛው ኮልት አለ፤ ሦስተኛው 5.6 ሚሊ ሜትር የሆነችው ትንሿ ትበቃናለች ብሎ ቢናገር ሣቅ ሆነ። «እርሷማ የወፍ ማባረሪያ ናት» አሉት። ያን ዕለት ከሣቁት መካከል እኛም ነበርንበት። ዛሬ ግን የተሣቀበት ወንድማችን ትክክል እንደ ነበረ፥ እንዲያውም እርሱ ካለው አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት እንደሚገባን ለመጻፍ ብዕር አንሥተናል።

ሣቁ ከየት እንደ መጣ ግልጽ ነው። በዚህ አገር ለተወለደ ልጅ ጠመንጃ ከቤት ዕቃ የሚቈጠር ነው። ብዙዎቻችን ውጅግራ፥ ምንሽር፥ ቤልጅግ የሚሉትን ስሞች ከአያቶቻችን አፍ የሰማነው ፊደል ሳንቈጥር ነው። ውጅግራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሣዮቹ የግራ ጠመንጃ ሲሆን የጥይቱ ወርድ 11 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ያቺ የተሣቀባት ጥይት የዚያ ግማሽ ብትሆን ነው። በፉከራም በሽለላም ቢሆን በትንሽ መሣሪያ የተመሰገነ ጀግና አልሰማንም። በሰርግና በተዝካር ላይ የሚያስከብረው የድምፁ ትልቅነት ነው፤ ጥይቱ የት እንደ ወደቀ የሚጠይቅ የለም።

ኢላማ ተኩስ ግን የሚጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ጥይቱ የት ወደቀ? ወረቀት አይሸሽም፥ አይዋጋም፥ ተመትቶም አይሞትም። ስለዚህ ወረቀት ለመብሳት ጉልበት የሚመርጥ ሰው ጥያቄውን ሳያነብ መልስ የሚጽፍ ተማሪ ይመስላል። ትልቅ ሽጉጥ ይራገጣል። ጀማሪ ደግሞ ርግጫውን ካንድ ሁለት ጊዜ በኋላ ያውቀዋል፤ ካወቀውም ጀምሮ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዐይኑን ይጨፍናል፥ የእጁን አንጓ ያጠብቃል፥ ጥይቱም ወደ ታች ይሄዳል። ይህን አንድ ጊዜ የለመደ እጅ ለማስተው ብዙ ወራት ይፈልጋል። ትንሿ ርግጫዋ ኢምንት ስለሆነ ሰውየው ስሕተቱን ማየት ይችላል፤ ያሳተው ራሱ እንጂ መሣሪያው አለመሆኑን ይረዳል። በኦሎምፒክ ጨዋታ እንኳ ዛሬ ያሉት የሽጉጥ ውድድሮች ሁለት ዓይነት መሣሪያ ብቻ ይፈቅዳሉ፤ በ25 ሜትር ርቀት 5.6 ሚሊ ሜትር፥ በ10 ሜትር ርቀት 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነው የአየር ሽጉጥ። ከዚህ የሚበልጥ የለም። የዓለም ሻምፒዮኖች የሚይዙትን የወፍ ማባረሪያ ማለት ደፋርነት ይጠይቃል።

ካሮሊ ታካች የሚባል የሐንጋሪ ወታደር ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1938 የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን አደቀቀው። ሰውየው በግራ እጁ መተኰስን ከፊደል ጀመረ፤ በ1948 በለንደን፥ በ1952 በሄልሲንኪ በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ የወርቅ ሜዳይ ተቀበለ። ሌላው ለእኛ ግቢ የሚቀርብ ነው። የፖሊ ግቢያችን በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ እንደ ተቋቋመ ሁላችን እናውቃለን። በዚያው አገር ሚኻይል ማርጎሊን የተባለ ሰው በወጣትነቱ በተኩስ ልውውጥ ላይ ጭንቅላቱን ቈስሎ ሁለቱንም ዐይኖቹን አጣ። ይህ ዕውር ሰው የእያንዳንዱን ክፍል ቅርጽ በእጁ እየዳሰሰ ለኢላማ ተኩስ የምትሆን 5.6 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ነደፈ፤ ሽጉጧም በስሙ ተጠርታ በብዙ አገር የተኩስ ክበቦች ውስጥ ለዐሥርታት ዓመታት አገለገለች። የሚሣቅባት መሣሪያ ይህች ናት።

እንግዲህ ትንሿን የሚገዛ ክበብ ምን ይመልከት? የማርጎሊን አፈሙዝ 15 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው፤ የማካሮቭ 9 ሳንቲ ሜትር ከጥቂት ነው። ልዩነቱ ለጌጥ አይደለም። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ በተራራቁ ቍጥር ዐይን ጥቂቷን መዛነፍ ሳይቀር ያያል። ማነጣጠሪያውም በብሎን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚስተካከል መሆን አለበት፤ በኪስ ለመያዝ የተሠሩ ሽጉጦች አብዛኛውን ጊዜ ይህ የላቸውም። ከሁሉ በላይ ግን እጀታው ነው። የክበቡ አባላት እጅ አንድ ዓይነት አይደለም፤ እኅቶቻችንም ይገቡበታልና (እንደሚገቡ ተስፋችን ነው፤ በዚህ ጨዋታ ጡንቻ ብልጫ የለውም) ጣት ሳይንጠራራ ቃታው ላይ መድረስ አለበት። ቃታ ደግሞ እንደ በር ቍልፍ እየተንቀጫቀጨ የሚሳብ ከሆነ ሽጉጡ የፈለገውን ያህል ዝና ቢኖረው አይገዛ። አንድ ነገር አንርሳ፤ የትንሿ ጥይት አንዳንዴ ትከሽፋለች። የከሸፈች ጥይት ዘግይታ ልትፈነዳ ስለምትችል አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሡ ግማሽ ደቂቃ መቈየት ግድ ነው። ይህን ትዕግሥት የሌለው ሰው ሌላ ስፖርት ይፈልግ፤ መቅዘፊያ ሞልቷል።

መቅዘፊያ ካልን ወደ ሐይቃችን እንምጣ። ከወንድሞቻችን አንዱ «ቦታማ ምን ቸገረን፤ ጣና አለልን፤ ፊታችንን ወደ ውሃው አድርገን ብንተኵስ ማንን እንነካለን?» ብሎ ነበር። ንግግሩ ለጊዜው ጥሩ መሰለን። ነገር ግን ያቺ ትንሽ ጥይት ከአንድ ማይል በላይ ትጓዛለች፤ በእኛ ከፍታ፥ ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ግድም ላይ፥ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥቂት ትጨምራለች እንጂ አትቀንስም። ውሃ ደግሞ ጥይትን አይውጥም። በዝቅተኛ ማዕዘን የመጣች ጥይት ልጆች በሐይቁ ላይ እንደሚያንሸራትቱት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነጥራ፥ አቅጣጫዋን ለውጣ ትሄዳለች። በውሃው ላይ ያለው ማን ነው? ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣ ባለ ታንኳ ነው። የደንገል ታንኳ ከውሃው ብዙም ከፍ አይልም፤ በጠዋት ጭጋግ ከሃምሳ ክንድ ርቀት እንኳ አይለይም። ደብረ ማርያም ከዐባይ መውጫ አጠገብ ቅርባችን ናት፤ ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስም ከባሕር ዳር ዳርቻ ቆሞ የሚታዩ ናቸው። በደሴቶቹ ላይ መነኰሳት አሉ። ሌላው ቢቀር የትንሿ ጥይት እርሳስ ናት፤ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው። ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን።

ስለዚህ ጥይቱን የሚይዝ የዐፈር ግድብ ያስፈልጋል። ዐፈሩም የተነፋ ይሁን፤ የባሕር ዳር መሬት ጥቍር ድንጋይ የሞላበት ነው፥ ድንጋይ የመታ ጥይት ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ግድቡ ከሠፈርና ከመንገድ የራቀ ይሁን። ይህን ሁሉ ስንደምር ትንሿን 5.6 ለመተኰስ እንኳ ገና ቦታ እንደሌለን ይታያል።

ከቦታውም የሚከብድ ነገር አለ፤ ድምፁ ነው። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በዚህች ከተማ በተተኰሰ ጥይት ርዕሰ መስተዳድሩ ዶክተር አምባቸው መኰንን ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደቁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም ክልላችን የተኩስን ድምፅ ከሰርግ ውጭ በሌላ መንገድ ተምሮታል። ዛሬ በባሕር ዳር አንድ ጥይት ቢጮህ ባለ ሱቁ መዝጊያውን ይስባል፤ እናት ልጇን ወደ ቤት ትጠራለች። እነርሱ የእኛን ክበብ ፕሮግራም አላነበቡም። ለእኛ ዐሥር ነጥብ የሆነው ለጎረቤታችን ያላለፈ ሌሊት ነው። «ይለምዱታል» የሚል መልስ ሰምተናል፤ እንዲለምዱት የምንፈልግ አይመስለንም።

ስለዚህ የእኛ ምርጫ የአየር ሽጉጥ ነው። በታመቀ አየር የምትተኵስ፥ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች፥ ባሩድም ቀለህም የሌላት ናት፤ ድምፅዋ ከግቢ አጥር አይዘልም። ከአየር በምትተኵስበት በ10 ሜትር ርቀት የዐሥር ነጥቧ ክብ ወርድ 11.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አሁንም ልብ በሉ፤ ያ የአያቶቻችን የውጅግራ ጥይት ክቡን ሞልቶ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይተርፈዋል ማለት ነው! በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ስድሳ ጊዜ ይህን ክብ የሚፈልግ ሰው የልጅ ጨዋታ ይጫወታል የሚል ካለ መጥቶ ይሞክር። ዐፈር ግድብ ሲገኝና ከተማው ሲረጋ ከዚህ ወደ 5.6 መሻገር ይቻላል፤ እጅ የተማረው አይጠፋም።

ሽጉጧ የክበቡ እንጂ የማንም አባል አትሁን። በዶርም ውስጥ አትደር፤ በብረት ሣጥን ተቈልፋ ቍልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሁን። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ክበቡም የአየር ሽጉጥ ብቻ ነው ብሎ ሳይኰራ ከመግዛቱ በፊት ለፖሊስ በጽሑፍ ያመልክት፥ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ይህ ይዘገያል የሚሉ አሉ። ይዘግይ።

እኛ በበኩላችን ባለፈው ቅዳሜ ሜትር ይዘን ወጣን። ዕቃ የተከማቸበት አንድ አሮጌ አዳራሽ ለካን፤ ከበሩ እስከ ጀርባው ግድግዳ 13 ሜትር ከትንሽ ሆነ። መስኮቶቹ በሳንቃ መዘጋት አለባቸው፤ የኋላው በር ደግሞ ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም። ለኮሚቴው የምናቀርበው ዝርዝር የሚጀምረው ከዚያ መቀርቀሪያ ነው።