ሽቦው ይለፍ፤ በሩ ግን ይንኳኳ

ርእሰ አንቀጽ

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ በጣና ምዕራባዊ ዳር ቁንዝላ የደረሰ ሰው ያችን ከተማ የሚያውቃት በወደቧና በገበያዋ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ግን ቁንዝላ ሌላም መታወቂያ አላት። የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውኃውን የሚቀዳው ከዚያው ዳር ነው። ውኃው 12 ኪሎ ሜትር ያህል በመሬት ውስጥ በተቦረቦረ ዋሻ ተጉዞ ወደ በለስ ይወርዳል፤ አራት ተርባይኖችን ሲያዞርም እስከ 460 ሜጋ ዋት ኃይል ይሰጣል። ኃይሉም በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ መሐል አገር ይሄዳል። ይህን የመሰለውን የአገር ሥራ የሚነቅፍ ብዕር የለንም። እኛም ሌሊት የምናጠናው በዚሁ ብርሃን ነው።

ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለ ማመንጫው ሳይሆን፣ ሽቦው እስከ አምፖላችን ድረስ ሲመጣ ስለሚያልፍበት የሰው ማሳና የሰው ግቢ ነው።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ለዕረፍት ወደ ቁንዝላ ሄዶ ያየውን እንጻፍ። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ገበያ ውለው ሲመለሱ የአጥራቸው ማዕዘን ፈርሶ፣ የጓሮው ጌሾ ተረግጦ፣ ለልጃቸው መማሪያ ይሆናሉ ብለው ያሳደጓቸው ሰባት ባሕር ዛፎች ተቆርጠው አገኙ። በቦታው አንድ ምሰሶ ቆሟል። ሠራተኞቹ ሄደዋል። ከየት እንደ መጡ የሚናገር አንዲት ቁራጭ ወረቀት እንኳ አልተዉም። የመሥሪያ ቤቱን ስም እኛም አንጠራም፤ ነገሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለምና። እኒያ እናት «መብራቱ ይቅርብኝ» አላሉም። ያሉት ይህን ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ ቢያንኳኩ እኮ በሩን የምከፍትላቸው እኔው ነበርሁ።»

ከዚህ አነጋገር የበለጠ የሕግ ትምህርት በክፍላችን አልሰማንም።

በሌላው ወገን ያለውንም እውነት አንሸሽግም። እያንዳንዱ ባለ ይዞታ «በእኔ በኩል አያልፍም» ቢል መንደሩ ሁሉ በጨለማ ይቀራል። ወደ ሽቦው ያዘነበለ ባሕር ዛፍ በአንድ የነፋስ ሌሊት ቤትና ሰው ሊያቃጥል ይችላል። የተበጠሰ መስመር መሬት ላይ ወድቆ ሳለ ሠራተኛው ፈቃድ ለመለመን ደጅ አይጠናም። ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ ውሻ የሚፈታ፣ ከመስመር ሥር ማድቤት የሚሠራ ሰው መኖሩንም እናውቃለን። ስለዚህ ሠራተኛው ወደ ሰው ግቢ የመግባት መብት ሊኖረው ይገባል። ጥያቄያችን እንዴት ይግባ የሚል ነው።

ሕጋችን በዚህ ነገር ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የውኃና የኤሌክትሪክ መስመር በሰው መሬት ላይ እንዲያልፍ ሲፈቅድ፣ ለሚደርሰው ጉዳት አስቀድሞ ካሳ እንዲከፈል ያዛል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ቢያደርግም፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ ያፈራው ንብረት የራሱ መሆኑን በአንቀጽ 40 አረጋግጧል፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስደውም ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፍላል። አንቀጽ 26 ደግሞ የሰውን ቤትና ንብረት ከዘፈቀደ ብርበራ ይጠብቃል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የሚከፈለውን የመፈናቀያ ካሳ፣ ቀድሞ ከነበረው የዓመት ገቢ 10 እጥፍ ወደ 15 እጥፍ አሳድጎታል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን መሬቱ በሙሉ የሚወሰድበት ሰው ኮሚቴ ይመጣለታል፤ ንብረቱ ይቆጠርለታል። ምሰሶ ብቻ የሚተከልበት ሰው ግን መሬቱም ደብተሩም በእጁ ይቀራሉና ጉዳቱ ከቁጥር አይገባም። ሰባት ባሕር ዛፍ ለትልቅ መሥሪያ ቤት ምንም ነው፤ ለጎጃም ገበሬ ግን ባሕር ዛፍ ባንኩ ነው። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ግንዱን ስንት ክንድ ነበር ብሎ የሚመሰክር የለም። ጉቶ አይናገርም። ካሳ የሚባለው ነገር እውነት የሚሆነው ቆጠራው ከመጥረቢያው ሲቀድም ነው።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣ ሕግ የጋዝና የመብራት ሠራተኛ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ ዳኛ ማዘዣ ወደ ቤት እንዳይገባ ወስኖ፣ ድንገተኛ አደጋን ብቻ ለይቷል። ይህን በማድረጉ ያ አገር በጨለማ አልቀረም።

እኛ የምንጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ አደጋ ካልሆነ በስተቀር ባለ ይዞታው ከሥራው ቀን አስቀድሞ በቀበሌው በኩል በጽሑፍ ይነገረው፤ ማንበብ ለማይችል ይነበብለት። ሁለተኛ፣ የሚገባው ሠራተኛ መታወቂያውን ያሳይ። ሦስተኛ፣ የሚቆረጠው ዛፍና የሚፈርሰው አጥር ባለቤቱና ሁለት ጎረቤቶች ባሉበት ተቆጥሮ ይፈረም፤ አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ ይሰጥ። አራተኛ፣ በአደጋ ጊዜ ሳይነገር የተገባ እንደ ሆነ የተሠራውና የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይፈጅም። የሚፈጀው ጥቂት ወረቀትና ጥቂት ትሕትና ነው።

የሕግ ተማሪዎች ሆይ፣ እነዚህን አንቀጾች ገበሬ በሚገባው አማርኛ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡን። እኛም ለዕረፍት ስንበተን እያንዳንዳችን ወደ የአገራችን ይዘነው ሄደን በዕድሩና በገበያው እናንብበው። የምሕንድስና ተማሪዎችም ነገ የመስመሩ አለቆች እናንተ ናችሁና፣ በካርታችሁ ላይ የምታሰምሩት ቀጥ ያለ መስመር የማን ጓሮ ውስጥ እንደሚያልፍ ጠይቁ።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። የቁንዝላዋ እናት ያዘኑት ለዛፉ ብቻ አይደለም። መብራቱ ገብቶላቸዋል፤ እናመሰግናለን ይላሉ። አጥሩን ግን እስከ ዛሬ ያጠረላቸው የለም።