ለጠመዝማዛ መንገድ ትንሽ ሞተር ይበቃል

በሰሜን ቨርጂንያ የምንኖር ሰዎች ከቤታችን ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጉዞ የምንደርስበት ስካይላይን ድራይቭ አለልን። ከፍሮንት ሮያል እስከ ሮክፊሽ ጋፕ፣ የሸናንዶዋን ብሔራዊ ፓርክ በተራሮቹ ጫፍ ጫፍ እየተጠማዘዘ የሚያቋርጥ 105 ማይል መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሚፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 35 ማይል፣ በአገር ቤቱ ልማዳችን 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያው የሚከፈት ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሒሳቡን ከዚህ ቁጥር እንዲጀምር እፈልጋለሁ። ከ35 ማይል በላይ በማይነዳበት መንገድ 300 የፈረስ ጉልበት ምን ያደርግለታል?

አዲስ አበባ ሳለሁ ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። ስለዚህ መኪና ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ በ6 ሺህ ዶላር የጀርመን ኮንቨርቲብል አገኘሁ፤ አዲስ እያለ እኮ ከ50 ሺህ በላይ ነበር» አለኝ። ደስታው በስልክ ይሰማኝ ነበር። የነገርኩትን ለእናንተም እነግራችኋለሁ፦ መኪናው ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ መለዋወጫው ግን የ50 ሺህ ዶላር መኪና መለዋወጫ እንደሆነ ይቀራል። አንድ ቁልፍ ሲነካ ተጣጥፎ የሚገባው ጣሪያ በውስጡ ፓምፕ፣ የዘይት ቱቦ፣ ብዙ ሴንሰርና ሽቦ አለው። ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ ጣሪያው ተከፍቶ አልዘጋ፣ ወይም ተዘግቶ አልከፈት ይላል። የሚጠየቀው የጥገና ሒሳብም ከመኪናው መግዣ ጋር የሚወዳደርበት ጊዜ አለ።

የሚያምሩትን መኪኖች ጠልቼ አይደለም። የመጀመሪያው ትውልድ ፖርሽ ቦክስተር አነዳዱ ግሩም ነው። ነገር ግን በሞተሩ ውስጥ ያለችው የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ከተሰበረች ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ይዛው ትሄዳለች፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በቁጠባ ገንዘቡ አይገዛውም። የቢኤምደብሊው ዜድ 3 ሞተር ጠንካራ ነው፣ ግን የኋላው ዲፈረንሻል የታሰረበት የወለል ላሜራ የሚሰነጠቅባቸው ስላሉ ከሥሩ ሳይገቡ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ሳዓብ ምቹና ባለ አራት መቀመጫ ቢሆንም ኩባንያው በ2011 ከስሮ ስለተዘጋ አንዳንዱን ዕቃ ማደን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሆንዳ ኤስ 2000 ደግሞ ሰብሳቢዎች እጅ ገብቶ ከርካሽነት ወጥቷል። ልጆቼን ከኋላ አስቀምጬ ነው የምሄደው ለሚል ሰው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሙስታንግ አይከፋም፤ መለዋወጫው በየመንደሩ አለ። ክብደቱ ግን 1,500 ኪሎ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ኩርባ ላይ ያንን ሁሉ ክብደት በክንዳችሁ ታውቁታላችሁ።

እኔ የምመክረው ማዝዳ ሚያታን ነው። በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትታይ የድሮዎቹን የእንግሊዝ ባለ ሁለት መቀመጫ መኪኖች ደስታ፣ ጃፓኖች ከሚታወቁበት አለመበላሸት ጋር አጣምራ መጣች። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠርታለች፤ መለዋወጫ በቀላሉ የሚገኘውም ከዚህ የተነሳ ነው። የ1999ኟ 140 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያላት፤ ክብደቷም ከ1,050 ኪሎ ግራም ፈቀቅ አይልም። ደስታው ያለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። ቀላል መኪና ትንሽ ፍሬን ይበቃዋል፣ ጠባብና ርካሽ ጎማ ይበቃዋል፣ መሪው የመንገዱን ሁኔታ ሳይደብቅ ለእጅ ይነግራል። የሸራ ጣሪያዋ ደግሞ ሞተር የለውም። ሁለቱን መያዣዎች ከፊት መስታወቱ ላይ አላቅቃችሁ በአንድ እጅ ወደ ኋላ መወርወር ነው፤ የትራፊክ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ያልቃል።

ከስፔሪቪል ከተማ ወጥታችሁ በ211 ቁጥር መንገድ ወደ ፓርኩ መግቢያ ወደ ቶርንተን ጋፕ ስትወጡ የምለው ይገባችኋል። መንገዱ ዛፍ ውስጥ ገብቶ መታጠፍ ይጀምራል። ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ትመልሳላችሁ፤ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጎትታል፤ መኪናዋ ሳትንጋደድ ኩርባውን ትይዛለች፤ ቀና ስትል ትንሽ ነዳጅ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ኩርባ። የፍጥነት መለኪያውን ብታዩት 40 ማይል እንኳ አልሞላም። ጥላው ውስጥ ስትገቡ አየሩ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ የታጨደ ሣር ሽታ ይመጣል፣ የወንዝ ድምፅ ይሰማል። በትልቅ ሞተር ይህንን መንገድ ፍሬን እየያዛችሁ ነው የምትጨርሱት። በትንሿ ግን እየነዳችሁ ነው።

በአውቶማቲክ የምትሠራውንም አትግዟት። አገር ቤት በላዳ ወይም በቶዮታ ዲኤክስ መንዳት የተማርን ሰዎች ፍሪሲዮን አመጣጠን በእግራችን ውስጥ አለ። የዓባይን በረሃ በከባድ ማርሽ ወርዶ የወጣ ሹፌር የቨርጂንያ ተራራ አያስቸግረውም፤ የስካይላይን ከፍተኛው ቦታ 1,122 ሜትር ነው፣ የአዲስ አበባን ከፍታ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እዚህ ተወልዶ ያደገው ልጃችን ማኑዋል የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ የሚማርባት ከዚህች የተሻለች መኪና አላውቅም።

ከየትኛው ዓመት? ገንዘቡ ጠበብ ካለ ከ1999 እስከ 2005 ካሉት፤ የኋላ መስኮታቸው እንደ መጀመሪያዎቹ ፕላስቲክ ሳይሆን ጉም የሚያጠፋ መስታወት ነው። ትንሽ መጨመር ከተቻለ ከ2006 ጀምሮ ያሉት ሰፋ ይላሉ፣ ሞተራቸውም በቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት አለው። ቁመቱ ረጅም የሆነ ሰው ግን ሳይቀመጥባት ቃል አይግባ።

ልታዩ ስትሄዱ ከሞተሩ በፊት ጣሪያው ጋ ሂዱ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ፣ ጣሪያው እንደተዘጋ፣ ከበሩ በስተኋላ የሸራው ጫፍ ከላሜራው የሚገናኝበት ጥግ ላይ ከጠርሙስ ውኃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱና ጎንበስ ብላችሁ ጠብቁ። ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት፣ ከመኪናዋ ሥር፣ ወዲያው መንጠባጠብ አለበት። ካልተንጠባጠበ የውኃ መውረጃው ቱቦ በቅጠልና በጭቃ ተደፍኗል፤ የዓመታት ዝናብ ወደ ውስጥ ሲገባ ኖሯል ማለት ነው። ቀጥሎ እጃችሁን ከመቀመጫው ጀርባ አስገብታችሁ ምንጣፉን ጨበጥ አድርጉ፤ ርጥበት ካለ ወይም የሻገተ ከሸተተ ምክንያቱን ጠይቁ። ከዚያ ተንበርከኩና ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ፣ በተለይ ከኋላ ጎማው አጠገብ፣ በአውራ ጣታችሁ ጫኑት። ቀለሙ ትንንሽ አረፋ አውጥቶ ከሆነ ዝገቱ ከውስጥ ነው የመጣው። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ላሜራው ላይ አልጣበቅ ካለ የዳሰሳችሁት ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው። ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮም ይወርዳል፤ የበሰበሰ አካል ግን እንደ ርካሽ መኪና አይጠገንም። በዚህ ከወደቀች ምንም ብታምር ወደ ቤታችሁ ተመለሱ።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። በቀዝቃዛ ሞተር ንዱና ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ይፋጭ እንደሆነ ስሙ። እስከ 2005 በተሠሩት የታይሚንግ ቺንጋው በየ60 ሺህ ማይሉ መቀየር ስላለበት ደረሰኙን ጠይቁ። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2318 ካለ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጊዜው አልፏል። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ሰልቬጅ፣ ማለትም በጉዳት ከጥቅም ውጭ የተባለ፣ አለመሆኑን አረጋግጡ። ከዚያም ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ከፍላችሁ አሳዩ።

ወገኖቼ ብዙ ጊዜ የሚሉኝ ነገር አለ፦ ቤተሰብ ያለው፣ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ምን ያደርግለታል? ጥያቄውን አከብረዋለሁ። ሆኖም በየቤታችን ደጃፍ በብድር የቆሙት ትላልቅ መኪኖች በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከዋጋቸው የሚያጡት አንዲት ደህና ሚያታ ሊገዛ ይችላል። ያረጀችው ሚያታ መውረድ ያለባትን ወርዳ ጨርሳለች፤ ከያዟት ከሁለት ዓመት በኋላ በገዙበት ዋጋ አካባቢ ትሸጣለች። ሁለትና ሦስት ሥራ ሠርቶ፣ እሁድን በእንቅልፍ ብቻ የሚያሳልፈው ወገኔ የሚኖርበትን አገር ተራራ ሳያይ ሲያረጅ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ 9 ሺህ ዶላር ያለው ሰው በ7 ሺህ ይግዛ፤ 2 ሺህውን ለጎማ፣ ለቺንጋና ለራዲያተር ያስቀምጥ። ብድር የሚያስፈልገው ከሆነ ይቆይ። በሚያዝያ ፀሐይ ሲወጣ ሁሉም ኮንቨርቲብል ይፈልጋል፤ ጥርና የካቲት ላይ ግን ሻጩ ስልኩን ቶሎ ያነሳል።

እነዚህ መኪኖች አርጅተዋል፤ አብዛኞቹም መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኤሌክትሮኒክስ የላቸውም። በዝናብ ቀን ኩርባ ላይ ነዳጅ በኃይል አትርገጡ። በጥቅምትና በኅዳር ሲመሽ አጋዘን መንገድ ላይ ስለሚዘል ጀንበር ሳትጠልቅ ከተራራው ውረዱ። ለመጀመሪያው ጉዞ ከ66 አውራ ጎዳና ወጥታችሁ በ29 ቁጥር መንገድ ወደ ዋረንተን፣ ከዚያ በ211 ወደ ስፔሪቪል ሂዱና ቶርንተን ጋፕ ላይ ፓርኩ ውስጥ ግቡ። በደቡብ በኩል ስዊፍት ረን ጋፕ ላይ ወጥታችሁ ስትመለሱ ከማዲሰን ወደ ስፔሪቪል የሚወስደውን 231 ቁጥር መንገድ ያዙ፤ በግራ ኦልድ ራግ ተራራ እየታያችሁ በከብት እርሻዎች መካከል ያሳልፋችኋል፣ መኪናም አይበዛበትም። ቅጠሉ በሚቀላበት በጥቅምት ግን ቅዳሜና እሁድ የፓርኩ በር ላይ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ከሥራ ፈቃድ ወስዳችሁ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱ።