በብርድ ወር የመጽሐፍ ወሬ

ገናውም ጥምቀቱም አለፈ፣ ዶሮው ተበላ፣ እንግዳው ሄደ፤ የቀረን ብርዱና የጋዝ ቢሉ ነው።

ልጆቻችን «ዊንተር»ን ወደ አማርኛ ሲመልሱት «ክረምት» ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን እኛ ወላጆች ክረምት ሲባል የሚመጣልን ሌላ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከሰል ላይ የበቆሎ እሸት እየተጠበሰ። የዚህ አገር ክረምት ዝም ያለ ነው። ዲሴምበር ላይ በእዚህ ሰዓት አራት ሳይሞላ ይጨልማል። ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ መሸ። አሁን ፌብሯሪ ላይ ትንሽ ተሻሽሏል፣ ግን ገና ነው። ሊጡ እንኳ በብርዱ ይለግማል፤ በበጋ በሁለት ቀን የሚቦካው አሁን አራት ቀን ያስጠብቀኛል።

ቤት ውስጥም እንደዚያው ነው። አራት ሰው በአንድ ሳሎን፣ አራት ስልክ በአራት እጅ። ሁሉም ያያል፣ ሁሉም ያነባል፣ ግን ማንም ለማንም አያወራም። እኔ የዛሬውን ጽሑፍ ያነሳሁት ለዚህ ነው። «ልጆቻችሁን አስነብቡ» ለማለት አይደለም፤ እሱን ትምህርት ቤቱ በየሳምንቱ ይነግራችኋል። እኔ የምለው፣ ያነበባችሁትን አውሩ፣ አብራችሁ አውሩ ነው።

እኛ እኮ መጽሐፍን ያወቅነው በወሬ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። (ደራሲው በ1950ዎቹ እዚሁ ለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር እንደነበሩ ስንቶቻችን እናውቃለን?) ብዙ ሰው ግን መጽሐፉን በእጁ ከመያዙ በፊት በጆሮው ነው የሰማው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለው ቤት በጎረቤት ይሞላ ነበር። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ስለ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ ጎረቤታቸው እንደሆኑ አድርገው ያወሩ ነበር። መጽሐፍም እንደ ቡና ነው፤ ብቻ ሲጠጡት አይጥምም።

ባለፈው ኖቬምበር ሬስቶራንቴ ውስጥ አንድ ነገር ጀመርን። ሰኞ ከሰዓት ገበያ የለም። ስለዚህ ከምድጃው ጎን ያለችውን ትልቋን ጠረጴዛ ለመጽሐፍ ሰጠኋት። ስም የላትም፣ አባልነት የላትም። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛ፣ ያነበብከውን በራስህ አፍ ትናገራለህ፤ አማርኛም ይሁን እንግሊዝኛ፣ ትግርኛም ኦሮምኛም፣ ድብልቅልቁም ይፈቀዳል። ሁለተኛ፣ ወጥ የነካ እጅ መጽሐፍ አይነካም! ለዚህ ነው የምናቀርበው ቆሎና ሻይ ብቻ የሆነው።

አንዳንድ ሰኞ አሥር ሰው ይመጣል፣ አንዳንዴ ሦስት። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። ዓይናቸው ደክሟል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ይማራል፤ እና ተረት መጽሐፍ ፊደል በፊደል እየለቀመ ያነብላቸዋል። «ጅ-ብ-ና … አ-ህ-ያ»። እሳቸው ተረቱን ከእሱ በፊት ያውቁታል፤ ግን አይቀድሙትም፣ ዝም ብለው ይጠብቁታል። ሲጨርስ «ለምንድነው አህያዋ ጅቡን ያመነችው?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ነው ዋናው ነገር የሚጀመረው።

ከሁሉ በላይ ያልረሳሁት ግን የአንድ አባትና የልጁ ነገር ነው። ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው። አባት ታክሲ ይነዳል፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ጀምራለች። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ2025 እዚህ አገር በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ እሷ እንግሊዝኛውን አንብባ መጣች፣ እሱ አማርኛውን በልጅነቱ ያነበበ ነው። ለማያውቁት ወጣቶች ልንገራችሁ፤ መጽሐፉ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው፣ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻና ስለ አስመራ። ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ደግሞ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

ልጅቷ በቁጣ ጀመረች። «ጸጋዬ እጮኛ እያለው ከፊያሜታ ጋር ፍቅር ይይዘዋል፣ እናንተ ደግሞ ሁላችሁም ታዝኑለታላችሁ። ለምን?» አባትየው ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ መጽሐፉን እንዴት እንዳነበበ ነገራት። ከአንድ ሰው በድብቅ ተከራይተውት ነበር፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ። ሦስት ወንድማማቾች በአንድ ኩራዝ፣ አንዱ ጮክ ብሎ ሳይሆን በሹክሹክታ እያነበበ፣ ሁለቱ እየሰሙ። ያነብ የነበረው ታላቅየው ነው። በኋላ ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም።

ልጅቷ የአጎቷን ፎቶ ግድግዳ ላይ ስታየው ነው ያደገችው። መጽሐፍ ይወድ እንደነበር ግን አታውቅም ነበር። «ድምፁ ምን ይመስል ነበር?» አለች። አባትየው ቶሎ መመለስ አልቻለም።

አስመራ የተወለደች አንዲት እናት አብራን ነበረች። እሷም ቀስ ብላ፣ «ኦሮማይ እኮ አያቴ ሁልጊዜ የምትላት ቃል ናት፣ ከጣሊያንኛ የመጣች፣ ‹ከእንግዲህማ አበቃ› እንደማለት» አለች። ከዚያ የእሷን ወገን ትዝታ አወራች። ማንም አላቋረጣትም። እኔ ሻይ ጨመርኩ። በዚያ ዘመን ምናልባት ጠላት ተባብለን የምንተላለፍ ሰዎች፣ በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ ለሁለት ሰዓት ተቀመጥን። አባትየው ሃያ ዓመት ያላወራውን በአንድ ሰኞ አወራው።

አንዳንዱ «መጽሐፍ ማውራት ሥራ ፈትነት ነው፣ ምን ይለውጣል?» ይል ይሆናል። መልሱ እዚሁ ሰፈራችን አለ። ከፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ ወጥታችሁ ስትራውድ ግሪን መንገድን ያዙና ቁጥር 76ን ፈልጉ። ኒው ቢከን ቡክስ የሚባለው የመጽሐፍ መደብር ነው። መሥራቹ ጆን ላ ሮዝ በ1927 ትሪኒዳድ ተወልዶ በ1961 ለንደን የገባ፣ እንደኛው ስደተኛ ነው። በ1966 ከሣራ ኋይት ጋር ሆኖ ከቤቱ መጻሕፍት ማሳተምና መሸጥ ጀመረ። ሒሳቡን አስልታችሁ ከሆነ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» በታተመበት ዘመን መሆኑ ነው።

በ1971 በርናርድ ኮርድ የሚባል ከግሬናዳ የመጣ መምህር የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ የሚለው ይኼን ነበር፤ የካሪቢያን ስደተኞች ልጆች «አእምሯቸው ዘገምተኛ ነው» እየተባሉ፣ ከቁጥራቸው በላይ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ይላካሉ። ልጆቹ ግን ጤነኞች ነበሩ፤ ፈተናው ነው ባህላቸውንና አነጋገራቸውን የማያውቀው። ብዙ ወላጅ ይኼን አያውቅም ነበር። «ልዩ ትምህርት ቤት» ሲባሉ የተሻለ መስሏቸው ያመሰገኑም ነበሩ። መጽሐፉን አነበቡ፣ ተቀባበሉት፣ በየሳሎኑ አወሩበት፤ ከዚያ ተነሡ። የቅዳሜ ትምህርት ቤቶች በየሰፈሩ በዙ። ላ ሮዝ ራሱ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1969፣ በጆርጅ ፓድሞር ስም አንድ ከፍቶ ነበር። ዛሬ ልጆቻችንን ቅዳሜ ጠዋት አማርኛ የምናስተምርበት መንገድ እነሱ የጠረጉት መንገድ ነው።

ጆርጅ ፓድሞር ማን ነው ካላችሁ፣ እሱም የትሪኒዳድ ሰው ነው። ጣሊያን አገራችንን ስትወር፣ እዚህ ለንደን ውስጥ ከእነ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ጋር ሆነው ለኢትዮጵያ ከጮኹት ጥቁር ጸሐፊዎች አንዱ ነው። ከ1991 ጀምሮ በስሙ የተቋቋመው የታሪክ ማኅደር ከመጽሐፍ መደብሩ ጋር በአንድ ሕንፃ ነው ያለው። እኛ የማናውቃቸው ሰዎች ለእኛ ቆመው ነበር ማለት ነው።

መደብሩ ሁለት ጊዜ ሊዘጋ ደርሶ ነበር፤ በ2016 መጨረሻና በ2022 መጀመሪያ። ሁለቱንም ጊዜ በብርድ ወር፣ ሁለቱንም ጊዜ አንባቢዎች ገንዘብ አዋጥተው አተረፉት። እድርና እቁብ የምናውቅ ሰዎች ይኼ ነገር ይገባናል።

እንግዲህ በዚህ በቀረው ብርድ ቤታችሁ ልትሞክሩት ለምትፈልጉ የኔ ምክር እንዲህ ነው።

መጽሐፍ ለመግዛት አትጨነቁ። ብላክስቶክ መንገድ ላይ ያለው ኤን 4 ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ካርዱ በነፃ ነው፣ ለሕፃንም ይሰጣል። ሙቀቱም በነፃ ነው! የአማርኛ መጽሐፍ ካጣችሁ ጠይቁ። የሚጠይቅ ሰው ከሌለ እንደሚያስፈልገን በምን ያውቃሉ?

አንድን መጽሐፍ በሁለት ቋንቋ አንብቡ። ወላጅ በአማርኛ፣ ልጅ በእንግሊዝኛ። ወይም ልጁ ያነበበውን እንግሊዝኛ መጽሐፍ ራት ላይ በአማርኛ ይተርክላችሁ። ቃል ሲያጥረው ቶሎ አትሙሉለት፤ እንደዚያች አያት ጠብቁት። ቋንቋ እንደ ሊጥ ነው፣ በብርድ ሲሆን ጊዜ ይፈልጋል።

ከፍ ላሉት ልጆች ሁለት መጽሐፍ እጠቁማለሁ። አንደኛው ገጣሚው ለምን ሲሳይ በ2019 ያወጣው የሕይወት ታሪኩ ነው። እዚህ አገር በሕፃንነቱ ከኢትዮጵያዊት እናቱ ተለይቶ፣ በሌላ ስም «ኖርማን» ተብሎ አደገ። እናቱ ያወጣችለት ስም «ለምን» መሆኑን ያወቀው ካደገ በኋላ ነው። የስም ትርጉም ምን ያህል እንደሆነ ለልጆቻችሁ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አላየሁም። ሁለተኛው የአይዳ እደማርያም መጽሐፍ ነው፤ የጎንደር ተወላጅ ስለሆኑት ስለ አያቷ ስለ የተመኙ ሕይወት በ2018 አሳትማ በማግስቱ ዓመት የኦንዳቼ ሽልማትን አግኝታበታለች። ያ ሁሉ የተጀመረው አያቷ ሲያወሩ ቁጭ ብላ በመስማቷ ነው። እናንተስ ቤት አያት የሉም? በስልክም ይሁን ጠይቋቸው፣ ድምፃቸውን ቅዱት። ነገ «ድምፁ ምን ይመስል ነበር?» እንዳትሉ።

በመጨረሻ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤት ካሉ አንድ ሰዓት ስጧቸው። መጽሐፍ ይዞ በር ማንኳኳት ባዶ እጅ ከመሄድ ይቀላል፣ ወሬውም አይጠፋም።

ልጆች! አሁን የእናንተ ተራ ነው። የማርች የመጀመሪያው ሐሙስ የዓለም መጽሐፍ ቀን ነው፤ በትምህርት ቤታችሁ የመጽሐፍ ሰው መስላችሁ የምትሄዱበት። በየዓመቱ ሃሪ ፖተር በዛ! ዘንድሮ አንዳችሁ እስቲ አለቃ ገብረ ሃናን ሁኑ። ነጭ ነጠላ፣ ጥምጥም፣ ጭራ፤ ወጪው ምንም ነው። ግን አንድ ግዴታ አለ፦ መምህራችሁ «ማን ነህ?» ሲሉ ከቀልዶቻቸው አንዱን በእንግሊዝኛ መናገር አለባችሁ። ቀልዱን ከማን ትማራላችሁ? ከአባታችሁ፣ ከእናታችሁ፣ ካልቻሉም ከአያታችሁ። ቀልዱን ተምራችሁ ሰኞ ለመጣችሁ ልጆች ሻዩ በእኔ ነው።

በሚቀጥለው ወር ስለ ጾም ምግብና ስለ ትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ እናወጋለን። እስከዚያው ጃኬታችሁን ዝጉ፣ መጽሐፋችሁን ክፈቱ። ቸር ያሰማን!