አንድ ለአምስት የቡድን ትምህርት አልነበረም

ቢቸናም ሆነ ሞጣ ስለ ቡድን ትምህርት ብታነሡ መምህሩ መጀመሪያ ትዝ የሚለው አንድ ለአምስት ነው። ቢጠላው አይፈረድበትም።

ከ2003 በኋላ በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ዘመን፣ ገበሬውን ያደራጀው መዋቅር «የትምህርት ልማት ሠራዊት» ተብሎ ክፍል ገባ። ጎበዙ መሪ፣ አምስቱ ተከታይ፤ ከዚያ ቃለ ጉባኤ፣ ፊርማ፣ ሪፖርት። የሚቆጠረው መሰብሰባቸው እንጂ መማራቸው አልነበረም። ጎበዙ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ፣ ማርኩ ለስድስቱም ይሞላል። ይህን የቡድን ትምህርት ማለት ስም ማጥፋት ነው!

እውነተኛው የቡድን ትምህርት ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ አንዱ ያለ ሌላው ሥራውን መጨረስ እንዳይችል፣ ሲጠየቅ ግን እያንዳንዱ ለብቻው እንዲጠየቅ። ኤሊዮት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ክፍል ገብተው ሲናከሱ ያደረገው ይህንኑ ነው። ትምህርቱን ቆራርጦ ለየልጁ አንድ አንድ ቁራጭ ሰጠ። ጓደኛህን ካልሰማኸው ትምህርቱ ይጎድልብሃል፤ ለፈተና ግን ብቻህን ትቀመጣለህ። ሪፖርት የሚሰበስብ ካድሬ የለም።

ቴክሳስ ድረስ ምን አስኬደኝ? ቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። በጎጃም ቅኔ ቤት ጀማሪው የኔታ ፊት ከመድረሱ በፊት አስነጋሪው ይሰማዋል፤ የሚያርመው ልጅ ራሱ ትናንት ሲታረም የነበረ ነው። ቅኔውን የሚቆጥረው ግን እያንዳንዱ ለራሱ ነው።

የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2015ም 3.2። ሁሉንም በአንድ ለአምስት አላሳብብም፤ መገልበጥን «መረዳዳት» ብሎ ያስለመደ አሠራር ግን ከተጠያቂነት አያመልጥም።

አሁን ይህ የሚያሳስበኝ በጦርነቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው የከረሙት ልጆች ሲመለሱ ነው። አንድ ዴስክ ላይ አንዱ አቀላጥፎ ያነባል፣ ጎኑ ያለው ፊደል መለየት ተስኖታል። አንድ መምህር ስልሳ ሰባውን ልጅ በየደረጃው ሊደርስ አይችልም፤ ልጆቹ ካልተደራረሱ የሚደርስላቸው የለም።

«ዴስኩ አይንቀሳቀስም፣ ፖርሽን አናደርስም» የምትሉ አላችሁ። ዴስኩ ካልተንቀሳቀሰ የፊተኛው ረድፍ ዞሮ ይቀመጣ! ፖርሽኑስ ልጆቹን ጥሎ ቢደርስ ለማን ነው?

ወረዳው የአደረጃጀት ፎርም ይዞ ከመጣ ግን መልሱት። ወረቀትና ጠመኔ ይላክ።