«መጣ» እና «መጥቷል»

ባለፈው ወር የጽዋ ማኅበር ከሚጠጣበት ከአንድ ወዳጃችን ቤት ተጠርተን ነበር። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ጠበሉ ተቀምሶ፣ እንግዶቹ ጨዋታ ሲይዙ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የቤቱ ልጅ ጥግ ተቀምጦ፣ ደብተሩን እንደ ያዘ ያለቅስ ነበር። ቀርበን ብንመለከት፣ «ትናንት ምሳዬን በልቻለሁ» ለማለት «አይ ሃቭ ኢትን ማይ ላንች የስተርደይ» ብሎ የጻፈው በቀይ ቀለም ተሰርዞ አገኘነው። እናቱ ልታጽናናው ብትጠጋ፣ «ተዪው እማዬ፤ አንቺ እንግሊዝኛ አታውቂም» አላት። እርሷም አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኛን ያሳዘነን ቀይ ቀለሙ አልነበረም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ከወሰነ ወዲህ፣ ይህ ቋንቋ ከሕፃናቱ ጋር ወደ ቤታችን ገብቷል። ብዙ እናቶችም በልጆቻቸው ደብተር ፊት ራሳቸውን እንደ አላዋቂ መቍጠር ጀምረዋል። ይህ ግን ስሕተት ነው። ልጁን ያስለቀሰውን፣ መምህራን «ፕረዘንት ፐርፌክት» የሚሉትን የግሥ ጊዜ፣ እናቱ አሳምራ ታውቀዋለች፤ በየቀኑም ትናገረዋለች።

ይኸውም በአማርኛ ሰዋስው «የቅርብ ኃላፊ» የሚባለው ነው። እናት ልጇን አቍርባ ስትመለስ ለጎረቤቷ «ቆርቧል» ትላለች። «ቆረበ» ብትል የተደረገውን መናገር ብቻ ነው፤ ዛሬም ይሁን አምና አይለይም። «ቆርቧል» ስትል ግን ነገሩ ቢፈጸምም ገና ከልጁ ጋር አለ፤ ምራቁን እንዳይተፋ፣ እንቅፋት እንዳይመታው ተጠንቀቁልኝ ማለቷ ነው። ማለዳ በሯን ከፍታ ደጁን እርጥብ ብታገኘውም፣ ዝናሙን በዓይኗ ሳታይ «ዘንቧል» ትላለች። ዝናሙ አልፏል፤ እርጥበቱ በፊቷ ነው። እንግሊዞች «ሃቭ» እና «ሃዝ» እያሉ የሚናገሩት ይህንኑ ነው።

የቃሉም አሠራር ቢሆን ተቀራራቢ ነው። የቅኔ ቤት ሰዎች እንደሚያውቁት «በልቶ» ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ብቻውን ዐረፍተ ነገር አያስርም። «አለ» ሲጨመርበት «በልቷል» ሆኖ ያስራል፤ «በልቼ» ላይም «አለሁ» ሲጨመር «በልቻለሁ» ይሆናል። «ኢትን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም እንዲሁ ያለ «ሃቭ» አይቆምም። ልጆች «ሃቭ» ማለት «አለኝ» ማለት ነው ተብለው አስቀድመው ስለ ተማሩ፣ «አይ ሃቭ ኢትን» ሲባሉ «ያለኝ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስቅ አይደለም። «በልቻለሁ» በሚለው ውስጥ ተሸሽጎ ያለውን «አለሁ» አውጥታችሁ ብታሳዩአቸው ይረጋጋሉ። በትምህርት ቤት «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያሉ በዜማ ማጥናታቸውን አንነቅፍም፤ እኛም ፊደልን የለየነው በዜማ ነው። ነገር ግን ትርጕሙ ቢቀድም ይሻላል።

ሁለቱ ቋንቋዎች እስከ መጨረሻው አብረው አይሄዱም። በአማርኛ «ትናንት መጥቷል» ብንል የሚነቅፈን የለም። በእንግሊዝኛ ግን «ትናንት»፣ «አምና» ወይም ሌላ ያለፈ ቀን በተጠራበት ስፍራ «ሃቭ» አይገባም። የልጁ ስሕተት ከዚህ የመጣ ነውና፣ አሳቡን በአማርኛ አስተካክሎ አስቦ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው አሉታው ነው። የ«መጣ» አሉታ «አልመጣም» ነው፤ የ«መጥቷል» አሉታም ያው «አልመጣም» ነው። በአዎንታ ሁለት የነበሩት በአሉታ አንድ ይሆናሉ። እንግሊዝኛው ግን አይቀላቅላቸውም፤ «ዲድ ኖት ከም» ቢል ሰውዬው ሳይመጣ ቀርቷል፤ «ሃዝ ኖት ከም የት» ቢል ግን ይጠበቃል፤ ራቱም አልተነሣም። ስለዚህ ጎበዝ የነበረው ተማሪ እዚህ ሲደርስ ድንገት ቢሰናከል ሰነፈ አትበሉት። «ገና» የምትለዋን ቃል አስይዙት። «ገና አልመጣም» በሚባልበት ቦታ ሁሉ «ሃዝ ኖት» ወይም «ሃቭ ኖት» ይሁንለት።

«ላሊበላ ሄዷል» ሲባል ሰውዬው እቤቱ የለም፤ «ላሊበላ ሄዶ ያውቃል» ሲባል ግን ተሳልሞ ተመልሷል። እንግሊዝኛውም የመጀመሪያውን «ሃዝ ጎን»፣ ሁለተኛውን «ሃዝ ቢን» ብሎ ይለያል። «እዚህ ሰፈር ስንኖር 10 ዓመታችን ነው» የሚለውን እንግሊዞች በዚሁ በ«ሃቭ» ይናገሩታል፤ በዚህ ላይ አማርኛችን ብዙም ስለማይረዳ፣ ልጁ ሌላውን እስኪያጸና ድረስ ቢቆይ ደግ ነው እንላለን።

በሳምንቱ ወደዚያ ቤት ተመልሰን እናቲቱን ከልጇ አጠገብ አስቀመጥናት። እርሷ በአማርኛ ትጠይቅ፤ እርሱ በእንግሊዝኛ ይመልስ አልን። ጥቂት አፍራ፣ «እጅህን ታጥበሃል?» አለችው። «አይ ሃቭ ዎሽድ ማይ ሃንድስ» አለ። «መቼ?» ስትለው ቀኑን ሊጠራ ሲል ዝም አለና፣ «ሃቭ»ን ጥሎ «አይ ዎሽድ» ብሎ ጀመረ። እኛ ደስ ብሎን ሳንጨርስ፣ «እስቲ አሳየኝ» አለችው። ልጁ እጆቹን ወደ ኋላው ሰውሮ አሰብ አደረገ፤ «አይ ሃቭ ኖት ዎሽድ ማይ ሃንድስ የት» አለና ወደ ውኃው ሄደ። እናቱም ምን እንዳለ ሳንተረጕምላት ገብቷት ትስቅ ነበር።