ገቢ ወይስ ጥሪት?

በትርጉም ሥራዬ «ብሔራዊ ገቢ» ብዬ በጻፍሁ ቁጥር እጄ ይከብደኛል። የማዕድን ሽያጭን ገቢ ማለት የአባትን ርስት ሸጦ ደመወዝ ተከፈለኝ እንደ ማለት ነውና። የዓለም ባንክ ይህን ለማረም የማዕድንን መመናመን ከብሔራዊ ገቢ ጋር እያነጻጸረ በመቶኛ ሲያሰላ ኖሯል፤ አሳቡ ይመሰገናል። ስሌቱ ግን ወርቅን፣ መዳብን፣ ብረትን የመሳሰሉ አሥር ማዕድናትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። የከበሩ ድንጋዮች የሉበትም። እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘውና ከታንዛኒያዋ ሜሬራኒ በቀር በዓለም ላይ የማይወጣው ታንዛናይትስ? ኮንትሮባንድን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ2018 ዙሪያውን 24 ኪሎ ሜትር ግንብ ታጠረለት። ድንጋዩ ሲሸጥ በገቢው ይደመራል፤ ግንቡም ሳይቀር በልማት ይቆጠራል፤ ከምድር የጎደለው ግን በመመናመኑ ዓምድ ዜሮ ነው! ይህን ዓምድ አይቶ «ብዙም አልጎደለም» የሚል ሊቅ ካለ፣ እስቲ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ይመልከት።