አንድ ቆጣሪ፣ አምስት በር፦ ተከራይ ውሃ በጀሪካን ይግዛ?

ከካፋ ዞን ዴቻ ወረዳ፣ ከማንኪራ ልጃቸውን ለትምህርት ቦንጋ የሚልኩ ወላጆች ከክፍል ኪራይ ሌላ የውሃ ሒሳብም ይጠብቃቸዋል። ቆጣሪ አንድ፣ ተከራይ ብዙ በሆነበት ግቢ አከራዩ በጀሪካን ያስከፍላል። ልክ ነው? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ልክ ነው፤ የቀዳ ይክፈል

ካፋ የዝናብ አገር ነው፤ ከሰማይ የወረደው ግን በራሱ ቧንቧ አይገባም። ቆጣሪው በአከራዩ ስም ነው። ቢሉ ሳይከፈል ቢቀር የሚቆረጠው የእሱ መስመር ነው። ውሃ ሲጠፋ ሮቶ ገዝቶ የሚያጠራቅመው፣ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ባለሙያ የሚጠራው እሱ ነው። ቢሉን እኩል ተካፈሉ ቢባል ብቻውን የሚኖር ተማሪና ስድስት ልጆች ያሉት አባወራ አንድ ዓይነት ይከፍላሉ። ጀሪካን ግን አያዳላም። በፈረንጆች 1999 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲም የከተማ ውሃ ሙሉ ወጪውን እንዲመልስ ይላል። አከራዩ ብቻ ለምን ከኪሱ ይሙላ?

ልክ አይደለም፤ በቢሉ ልክ ይሁን

ወጪ መመለስ ሌላ፣ መነገድ ሌላ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጊዜ ሲሞላ 1 ሜትር ኩብ ነው። አንዱ ጀሪካን 2 ብር ቢሸጥ ሜትር ኩቡ 100 ብር ገባ ማለት ነው፤ አከራዩ ይህን ከቢሉ ጋር ያስተያይ።

ሌላም አለ። ያው ፖሊሲ የከተማ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር እንዲወደድ ያደርጋል። አምስት ቤተሰብ በወር 4፣ 4 ሜትር ኩብ ቢጠቀም ቆጣሪው የሚያየው 20 የጨረሰ አንድ ደንበኛ ነው። ቆጣቢዎቹ ተደምረው እንደ አባካኝ ይከፍላሉ፤ የአከራዩ ትርፍ ደግሞ በዚያ ላይ ይጫናል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች ኪራይ እንደልብ አይጨመርም፤ የውሃ ዋጋ ልጓም ከሌለው ግን ጭማሪው በቧንቧ በኩል ይገባል።

የአከራይ ወገን መልስ

የታሪፉን ነገር እቀበላለሁ፤ ነገር ግን እሱን ያወጣው አከራይ አይደለም። የከተማው ውሃ አገልግሎት በግቢው ያለውን አባወራ ቆጥሮ ታሪፉን ያስላ።

የተከራይ ወገን መልስ

ይሁን፤ እስከዚያው አከራዩ በየወሩ ቢሉን በር ላይ ይለጥፍ፣ ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ ያስገባ። ለሮቶና ለጥገና የሚጠይቀው ካለም በኪራይ ውሉ ላይ በብር ይጻፈው።